ማርሽ በጣርማበር መንገድ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሾፌር ጣርማበር ዋሻ ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ በስንተኛ ማርሽ ነው የምወርደው? ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ይህ ዋሻ 587 ሜትር ይረዝማል፤ ያለውም ከባህር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በወዲያኛው አፉ ከወጡ በኋላ መንገዱ ገደሉን ታክኮ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። 50 ኪሎ ሜትር እንኳን ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ይደረሳል፤ እዚያ ከፍታው 1280 ሜትር ገደማ ነው።

ስለ ማርሽ ክርክር ሲነሳ አብዛኛው ሰው መኪና የሚመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ዳገት ትችላለች ወይ? ማርሽ ስትቀይርስ ሰው ሳታንገጫግጭ ነው ወይ? ማኑዋል ይሻላል አውቶማቲክ የሚለው ጭቅጭቅም ከእነዚህ አይወጣም። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ሌላ አለ፤ ቁልቁለት ላይ ትይዛለች ወይ?

መጀመሪያ የካምቢዮን ሥራ እንይ። ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በደንብ ሲዞር ነው። በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ደካማ የሆነው ሞተር ከ3000 በላይ ሲዞር ይበረታል። ጎማ ግን ዳገት ላይ በዚያ ፍጥነት ሊዞር አይችልም። ካምቢዮ በመሃል ገብቶ ትንሹ ጥርስ ትልቁን እንዲያዞር ያደርጋል፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። በብዙዎቹ የቆዩ ኮሮላዎች ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ አንደኛ ላይ ሞተሩ 3.5 ጊዜ ያህል ሲዞር መውጫው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሁለተኛ ላይ 1.9፣ ሦስተኛ ላይ 1.3 ነው። አራተኛው እኩል ለእኩል ሊባል ምንም አይቀረው፤ አምስተኛ ላይ ዘንጉ ራሱ ሞተሩን ይቀድመዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ትልቁ ክፍተት ያለው በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ነው። ሰውና ዕቃ ሞልታ ዳገት የጀመረች መኪና ሁለተኛው ሲከብዳትና አንደኛው ሲበዛባት የምትንገላታው በዚህ ምክንያት ነው። ልምድ ያለው ሾፌር እዚህ ላይ አይዘገይም። የሞተሩ ድምፅ መድከም ሲጀምር፣ ገና ሳይንተፋተፍ፣ ማርሽ ይቀንሳል።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አየር ሲሳሳ ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ጉልበቷ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ጣርማበር ላይ 50 ገደማ ብቻ ይቀርላታል። ከአዳማ ወይም ከአዋሽ መጥቶ «ይህቺ መኪና ምን ነካት?» የሚል ሰው ይኖራል፤ መኪናዋን ግን ምንም አልነካትም። ቆላ ላይ በሦስተኛ የሚወጣውን ዓይነት ዳገት እዚህ በሁለተኛ መውጣት ነው ያለበት። ባለ ቱርቦው አይሱዙ ኤንፒአር ይህን ጉዳት በብዙ ይቋቋማል፤ በዚህ መስመር ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው።

አሁን ወደ ልስላሴው እንምጣ፤ እኔ በግሌ የሾፌርን ሙያ የምለየው በዚህ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ ካምቢዮዎች ሲንክሮ አላቸው፤ ማርሽ ከመግባቱ በፊት የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት ነው። መጀመሪያ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በከባድ መኪኖች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ሾፌሩ ራሱ ነበር። ኤንትሬ የሚባለውን የድሮ ከባድ መኪና የነዱ አንጋፋ ሾፌሮች ዛሬም ልማዱ አልለቀቃቸውም። ማርሽ ሲቀንሱ ፍሪሲዮን ይረግጣሉ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ያደርጋሉ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀው ነዳጁን ለአንድ አፍታ ነካ ያደርጋሉ፣ እንደገና ፍሪሲዮን ረግጠው ያስገባሉ። ይህ ሁሉ ተሳፋሪ ልብ ሳይለው ያልቃል። የማርሽ ዘንጉ አይታገልም፣ ጥርስ አይጮህም፣ የኋላ ወንበር ላይ የተኛ ሰው አንገቱ ወደፊት አይወድቅም። ሲንክሮ ያለው ካምቢዮ ይህን አያስገድድም፤ ግን አይጠላውም፤ ዕድሜውን ያረዝምለታል።

ደብረ ብርሃን ላይ ለልስላሴው ሌላ ጠላት አለ፤ ብርድ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ በሚወርድበት ከተማ ያደረ መኪና ጠዋት ሁለተኛ ማርሹ አልገባም ይላል። ብዙ ሰው ካምቢዮ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዘይት ነው። ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት በብርድ ይወፍራል፤ ሲንክሮው ጥርሱን ለማዘግየት ሲሞክር ዘይቱ አላስጠጋ ይለዋል። ሙቀት ቦታ የሚሠራ መኪና ላይ የተሞላ ቁጥር 140 ዘይት ደብረ ብርሃን ላይ እጅ ያደክማል። ፋብሪካው 90 ካለ 90 ይሁን። ጠዋትም ሞተሩን አስነስቶ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ ፍሪሲዮኑን ለቆ ትንሽ መታገስ ነው፤ የካምቢዮው ጥርሶች እየዞሩ ዘይቱን ያሟሙቁታል። ማርሹን በጉልበት መግፋት ግን ሲንክሮውን ይበላዋል።

ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። 10 ቶን የሚመዝን መኪና ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከሁለት በርሜል በላይ ውሃ ያፈላል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። መሄጃው ሁለት ነው፤ ወይ ፍሬኑ ነው ወይ ሞተሩ። ሾፌሩ ሁሉንም ፍሬን ላይ ከጣለው የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዝ ይተዋል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ያለምንም ጉልበት ወለል ይነካል። የንፋስ ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪኖች ላይ ደግሞ ሾፌሩ ደጋግሞ በረገጠ ቁጥር ንፋሱ ያልቃል። ደብረ ሲና ደርሰው ሲቆሙ የሚሸተው የተቃጠለ ሽታ የጋለ ሸራ ምልክት ነው። ከባድ ማርሽ ላይ የሆነ መኪና ግን ጎማው ሞተሩን እያዞረ ይደክማል፤ ሙቀቱም በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። የጭስ ማውጫ ፍሬን ያላቸው አይሱዙዎች ደግሞ ይህን መያዣ ያጠነክሩታል።

የድሮ ሾፌሮች ደንብ አጭር ነው፤ ቁልቁለቱን፣ ብትወጣው ኖሮ በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። ማርሹም የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናዋ ከፈጠነች በኋላ ሁለተኛ ላስገባ ያለ ሾፌር ማርሹ እምቢ ሲለው ዜሮ ላይ ይቀራል፤ ያኔ የሚቀረው ፍሬን ብቻ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ዜሮን ራሱ ይመርጣል። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ መኪናን ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሞተር የሚያጠፋም አለ፤ ሞተር ሲጠፋ የፍሬን አጋዡ ይደክማል፣ መሪው ይከብዳል። ቁጠባው ራሱ ሐሰት ነው። ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ አሰጣጥ ያላቸው የዘመናችን መኪኖች ማርሽ ላይ ሆነው ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርዱ ነዳጁን ፈጽሞ ይቆርጣሉ። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መስጠት ግድ ይላቸዋል። ስለዚህ በዜሮ የሚወርደው ሰው ነዳጅም ያቃጥላል፣ ፍሬንም ያቃጥላል።

አውቶማቲክን በዚህ ዓይን ሳየው እንደሚባለው ደካማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ለብዙኃን ከቀረበ ጀምሮ ዓላማው ሾፌሩን ከፍሪሲዮን ማሳረፍ ነው፤ ለአዲስ አበባ መጨናነቅ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ችግሩ «ዲ» ላይ ተትቶ ሲወረድ ነው። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሳ መኪናዋ ሜዳ ላይ ያለች መስሏት ወደ ቀላሉ ማርሽ ትሄዳለች፤ ያኔ የሚይዛት የለም። መፍትሔው እጅ አጠገብ ነው። በቆዩት ኮሮላዎች የማርሽ ዘንግ ጎን ላይ ኦቨርድራይቭ ማጥፊያ ቁልፍ አለ፤ ከ«ዲ» በታች ደግሞ «2» እና «ኤል» አሉ፤ አንዳንዶቹ አዳዲስ መኪኖች «ቢ» የሚል አላቸው። መኪናውን ለዓመታት ይዞ እነዚህን አንድ ቀን እንኳን ያልነካ ባለቤት ብዙ ነው። ጣርማበርና አንኮበር የተሠሩት ለእነሱ እስኪመስል ድረስ እዚህ ያስፈልጋሉ።

ሲኖትራክን የመሰለ ከባድ መኪና ሌላ ዓለም ነው። ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮው በንፋስ በሚሠራ መቀየሪያ ታችኛውና ላይኛው ተብሎ አምስት አምስት ይከፈላል። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲቀየር ሾፌሩ አንድ ጊዜ ቢሳሳት መኪናው ይቆማል፤ ከዚያ ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል። እንዲህ ዓይነቱን መኪና ሳያንገጫግጭ የሚያወጣ ሾፌር ትልቅ ባለሙያ ነው፤ ክፍያውም ክብሩም በዚያው ልክ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው አንኮበር ደግሞ ዳገትን ከመኪና በፊት ታውቀዋለች። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዙ የሃሪስ ልዑክ ዕቃውን ከባህር ዳርቻ ያመጣው በግመል ነበር፤ የመጨረሻውን ዳገት ግን ግመል አልቻለውም፤ ጭነቱ በሰው ጫንቃ ነው የወጣው። ዛሬም ከአንኮበሯ ጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው አንደኛና ሁለተኛ ማርሽን በደንብ ይተዋወቃቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ማርሽ የማይቀየርላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከፍታ ጉልበታቸውን አይቀንሰውም፤ ሲወርዱም ሞተራቸው ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ መኪናዋን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ለዚህ አገር መልክዓ ምድር ይህን የመሰለ ነገር አልመጣም ብዬ አምናለሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ኃይሉ የሚገባበት ስለሌለ ይህ መያዣ ይዳከማል። ቁልቁለት አናት ላይ ባትሪ ጢም አድርጎ ሞልቶ መውረድ አይገባም።

ያገለገለ ማኑዋል መኪና ሊገዙ ከሆነ ሻጩን ዳገት ብቻ ሳይሆን ቁልቁለትም ላይ ልሞክራት ይበሉት። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ይውረዱ፤ እጅዎን ከማርሽ ዘንጉ ላይ ያንሱ። ማርሹ በራሱ ወጥቶ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ካምቢዮው መፈታት አለበት፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።