የፖስትዶኩ ሥልጠና የማን ኃላፊነት ነው?

በአሜሪካ የካንሰር ምርምር በተነሳ ቁጥር የወጣት ተመራማሪዎች ሮሮ አብሮ ይነሳል። ዶክትሬታቸውን ጨርሰው በ«ፖስትዶክ» ስም ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ደመወዙ ያንሳል፣ የፕሮፌሰርነቱ ቦታ ጥቂት ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ ላይ ያበቃል። በእርግጥም ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2022 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፖስትዶኮችን ጨምሮ 48,000 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ይሁንና ከገንዘቡ መጠን ይልቅ መሠረታዊ የሆነውና እምብዛም የማይወራለት ጉዳይ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው።

ቲ32 እና ኤፍ32 የሚባሉት የመንግሥት ድጎማዎች ለሥልጠና የታሰቡ ናቸው። ገምጋሚዎች ተመራማሪው ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚያማክረው፣ ወዴት እንደሚያመራ ይመዝናሉ። አብዛኛው ፖስትዶክ ግን የሚከፈለው ከላብራቶሪው ኃላፊ የፕሮጀክት ድጎማ ነው። እዚያ የሚመዘነው ፕሮጀክቱ ነው። የዕጢ ናሙና የሚመረምረው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ የት ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥሩ አለቃ ከገጠመው ይሠለጥናል፤ ካልገጠመው የሠለጠነ እጅ ሆኖ ይቀራል።

የውጭ ዜጎች ደግሞ ምርጫውም የላቸውም። ሁለቱ የሥልጠና ድጎማዎች ለአሜሪካ ዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ብቻ የተፈቀዱ ናቸው፤ በአገሪቱ ካሉ ፖስትዶኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን በጊዜያዊ ቪዛ የሚሠሩ ናቸው። ለውጭ ዜጋም ክፍት የሆነው ኬ99 የተባለ ድጎማ ራስን ችሎ ላብራቶሪ ለመክፈት የሚያሸጋግር ቢሆንም፣ ፉክክሩ የበረታ ነው፤ ከ4 ዓመት በላይ በፖስትዶክነት የቆየ ሰውም አያመለክትም።

ችግሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ2012 ድጎማዎቹን የሚሰጡት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ያቋቋሙት ቡድን ብዙ ፖስትዶኮች ከፕሮጀክት ድጎማ ወደ ሥልጠና ድጎማ እንዲዛወሩ መክሮ ነበር። በ2014 በወቅቱ የብሔራዊ ካንሰር ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር የነበሩት ሃሮልድ ቫርመስ ከሦስት ሳይንቲስቶች ጋር ለዶክትሬት ተማሪዎች ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፈዋል። በታኅሣሥ 2023 ኢንስቲትዩቶቹ ያቋቋሙት ሌላ ቡድን ቢያንስ 70,000 ዶላር ደመወዝና በፖስትዶክነት ቆይታ ላይ የ5 ዓመት ጣሪያ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ፤ በተከታዩ ሚያዝያ በሥልጠና ድጎማ ላሉ ጀማሪዎች የተወሰነው ክፍያ ግን 61,008 ዶላር ሆነ።

የጊዜ ጣሪያው ያሳስባል። የሥልጠና ግዴታ ሳይታከልበት ዓመቱ ብቻ ከተገደበ፣ ያልሠለጠነው ሰው ቶሎ ይሰናበታል እንጂ ሌላ ምን ያገኛል? ከዚህ የተሻለው ካንሰር ኢንስቲትዩቱ የጀመረው አር50 የተባለ ድጎማ ነው፤ የራሱን ላብራቶሪ የማይመራ ልምድ ያለው ተመራማሪ በሙያው እንዲቆይ ደመወዙን ይደግፋል። እንዲህ ያለው ቦታ ሊበዛ ይገባል።

ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር ለዚህ ሥራ የሚሄድ ተመራማሪ ውሉን ሳይፈርም ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ደመወዙ ከየትኛው ድጎማ እንደሚከፈል፣ ድጎማው መቼ እንደሚያበቃ፣ ከሥራ ሰዓቱ ምን ያህሉ ለሥልጠና እንደተፈቀደ።