እሳቱ የማይታይ ምድጃ፦ የመስታወት ስቶቭ አያያዝና አጸዳድ

ፕሮሰሳችሁ አልቆ በረራ የምትጠብቁ ወገኖቻችን፣ ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ትምህርት ላይ ስለ ቤት ዕቃ ጥቂት ይነገራችኋል። ግን ለዓመታት በከሰልና በማገዶ ያበሰለ ሰው ሁሉንም በአንዴ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ዛሬ በአውሮፓ፣ በካናዳና በአሜሪካ በብዙ ኪራይ ቤቶች ስለምታገኙት የመስታወት ምድጃ እናስረዳችሁ። ኬዛችሁ ገና ያልተንቀሳቀሰ ደግሞ፣ ቀድሞ ለሄደ ዘመዳችሁ ላኩለት።

ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

ላዩ ብዙ ጊዜ ጥቁር፣ ለስላሳና ዝርግ ነው። ጉልቻ የለው፣ ነበልባል የለው፤ ላላወቀው ጠረጴዛ ይመስላል። መስታወቱ ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለማያስፋፋውና ስለማያኮማትረው እንደ ሻይ ብርጭቆ በሙቀት አይፈነዳም። ከባድ ነገር ሲወድቅበት ግን ይሰነጠቃል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከሥሩ ያለው ሽቦ ግሎ ሲቀላ ይታያል። ሁለተኛው «ኢንዳክሽን» ይባላል፤ የሚያግለው ድስቱን ራሱን ነው። ኢንዳክሽን ተራውን የአሉሚንየም ድስት አያሞቅም። ማግኔት ከድስቱ ቂጥ ጋር ከተጣበቀ ይሠራል፣ ካልተጣበቀ አይሠራም።

መጀመሪያ ልጆች

ከሰል አመድ ሲለብስ በርዷል ብሎ የነካ ሰው ያውቀዋል፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ካጠፋችሁት በኋላም ለብዙ ደቂቃ ያቃጥላል። ቀይ መብራት ወይም «ኤች» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል እስክትጠፋ ድረስ ልጅ አይጠጋ፤ ፕላስቲክና ጨርቅም አታስቀምጡበት። ዘይት በእሳት ከተያያዘ ውሃ በጭራሽ አታፍሱ። ምድጃውን አጥፉና ድስቱን በክዳን ግጠሙት።

እንዴት ይጸዳል?

1. እስኪበርድ ጠብቁ።
2. የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ።
3. በለስላሳ ስፖንጅ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ እሹት፤ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ጠርጉና አድርቁት።
4. ያረረ ሽሮ ወይም ቁሌት ከተጣበቀ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ በሞቀ ውሃ የራሰ ጨርቅ 15 ደቂቃ ያህል አልብሱትና ጥረጉት። እምቢ ካለ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ባለ ምላጭ መፋቂያ አለ፤ አጋድማችሁ በቀስታ ግፉ።
5. ውሃ የተወው ነጭ ምልክት በአቼቶ ይለቃል።

አንድ ነገር ብቻ እስኪበርድ አይጠበቅም፤ ስኳር ነው። ስኳር ያለበት ሻይ፣ ማርማላታ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ከነካው ምድጃውን አጥፉ፣ ድስቱን አንሱ፣ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ትኩስ እንዳለ በመፋቂያው ወደ ቀዝቃዛው በኩል ግፉት። ከደረቀ በኋላ ሲነሳ መስታወቱን ቦርቡሮ ይሄዳል።

ምን አይደረግም?

ካምፕ ውስጥ ድስት በአመድና በአሸዋ እንፈትጋለን። እዚህ አመድ፣ አሸዋና ሽቦ መስታወቱን ይጭሩታል። በረኪናም አያስፈልግም፤ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ድስት አንሱ እንጂ አትጎትቱ፤ አሉሚንየም ሲጎተት ብርማ መስመር ይተዋል። የሸክላ ጀበና ቂጡ ሸካራ ስለሆነ ይጭራል፣ ደልድሎም አይቀመጥም። ለእንጀራም የሸክላ ምጣድ አትጣዱበት፤ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል።

ከተሰነጠቀስ?

ወዲያው መጠቀም አቁሙ። የፈሰሰ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሊያስይዝ ስለሚችል ከቆጣሪው በኩል ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ዝጉ። ከዚያ ፎቶ አንስታችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ።

ቤት ስትረከቡም ገና ድስት ሳትጥዱ ምድጃውን ፎቶ አንሱት። በብዙ አገር ተከራይ ማስያዣ ያስይዛል፤ ለምሳሌ በጀርመን እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ይችላል። ቀድሞ የነበረ ጭረት በእናንተ ተቆጥሮ ከዚያ ገንዘብ እንዳይቀነስ ፎቶው ምስክር ይሆናችኋል።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።