ምልክቱ ሲጠፋ በሽታው የት ይሄዳል?

የፊዚክስ መምህር ስለ አባላዘር በሽታዎች ሲጽፍ «እሱን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ፊዚክስንም ሕክምናንም በሚያገናኝ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ለዓይን የማይታይ ነገር መኖሩ በምን ይታወቃል? በባክቴሪያ ከሚመጡት አባላዘር በሽታዎች ጎልተው የሚታወቁት ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ቂጥኝ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች ዘንድ 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ፣ 82 ሚሊዮን የጨብጥና 7 ሚሊዮን ያህል የቂጥኝ ሕመሞች ተከሥተዋል።

በመጀመሪያ ምልክቶቹን እንመልከት። ጨብጥ የያዘው ወንድ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሲሸና ያቃጥለዋል፤ ከብልቱም መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ከሴቶች ግን ብዙዎቹ ምንም ምልክት አያዩም። ክላሚዲያ ከዚህም የባሰ ድምፅ አልባ ነው፤ በሽታው ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶችና ብዙ ወንዶች ጤነኞች ነን ብለው ይኖራሉ። ባክቴሪያው ግን ሥራውን አያቋርጥም። ከማኅፀን ጫፍ ተነሥቶ ወደ ማኅፀን ቱቦዎች ከዘለቀ ጠባሳ ይተዋል፤ ከዚህም መካንነት ወይም ከማኅፀን ውጭ የሚፈጠር አደገኛ እርግዝና ሊከተል ይችላል።

አታላይነቱ የከፋው ግን ቂጥኝ ነው። በተላለፈ በሦስት ሳምንት ገደማ ባክቴሪያው በገባበት ቦታ የማያም ቁስል ይወጣል። ቁስሉም መድኃኒት ቢወሰድ ባይወሰድ ከ3 እስከ 6 ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ሕመምተኛው «ዳንሁ» ብሎ ይረሳዋል። ቆየት ብሎ ሽፍታ፣ ብዙ ጊዜም በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሳይቀር፣ ይታያል፤ እሱም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በሽታው ግን ለዓመታት ተደብቆ በአንዳንዶች ላይ ልብን፣ አንጎልንና ነርቭን ያጠቃል። ነፍሰ ጡር ሳትታከም ከቀረች ፅንሱ ሊሞት ወይም ሕፃኑ በሽታውን ይዞ ሊወለድ ይችላል።

የቂጥኝ ባክቴሪያ ለሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ቆይቷል። አልበርት ናይሰር የጨብጥን ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሆን፣ ፍሪትዝ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን የቂጥኙን በርሊን ውስጥ ያገኙት በ1905 ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ቅጥነቱ ነው። የባክቴሪያው ውፍረት 0.2 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግን ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ነው፤ ይህም ተራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ሊያሳይ ከሚችለው ወሰን ላይ ያደርሰዋል። መፍትሔው ቀጥተኛውን ብርሃን ከልሎ ከባክቴሪያው ላይ የሚበተነውን ብቻ ማየት ነበር። በጨለማ ቤት ውስጥ በጣራ ቀዳዳ የሚገባ የፀሐይ ጨረር በሌላ ጊዜ የማይታየውን አቧራ እንደሚያሳየን ማለት ነው።

ዛሬ ቂጥኝ በአብዛኛው የሚታወቀው ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚያመርታቸውን ንጥረ ነገሮች ከደም ውስጥ በመፈለግ ነው። ለጨብጥና ለክላሚዲያ ደግሞ ከሽንት ወይም ከማኅፀን ጫፍ ከሚወሰድ ናሙና የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚያበዛ ምርመራ አለ። በየዙሩ እጥፍ እየሆነ ሲሄድ አንዱ ቅንጣት በ30 ዙር ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ይህ ምርመራ ውድ በመሆኑ፣ አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ሕክምናው በሚታዩ ምልክቶች ላይ ተመሥርቶ ሲሰጥ ቆይቷል። ዘዴው ለታመመው ፈጥኖ ይደርስለታል፤ ምልክት የሌለውን ግን አያገኘውም።

ሦስቱም በሽታዎች በመድኃኒት ይድናሉ። ለጀማሪ ቂጥኝ አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይበቃል፤ ለቆየው በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንታት ይሰጣል። ክላሚዲያ ለ7 ቀናት በሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ይታከማል፤ ለነፍሰ ጡሮች ግን ሌላ መድኃኒት ይመረጣል። የጨብጥ ባክቴሪያ ቀድሞ ያድኑት የነበሩትን ፔኒሲሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በብዙ ቦታ ስለተላመደ፣ ዛሬ ዋናው መድኃኒት የሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው፤ ለእሱም የማይበገሩ ዝርያዎች በአንዳንድ አገሮች ታይተዋል። ስለዚህ ከጓደኛ በተረፈ ኪኒን ራስን ማከም ወይም የታዘዘውን አጋምሶ መተው በሽታውን ማሠልጠን ነው።

የታከመ ሰው የፍቅር ጓደኛው ወይም የትዳር አጋሩ ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱም መታከምና መድኃኒቱን ከጨረሱ በኋላም ለ7 ቀናት ከግንኙነት መታቀብ ይገባቸዋል። ኮንዶም በአግባቡ ሲጠቀሙበት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ወጣቱ አንባቢ ከሁሉ በላይ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ የምልክት መጥፋት የመዳን ማስረጃ አይደለም። የተጠራጠረ ሰው ምልክት ኖረም አልኖረም ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ይመርመር። የማይታየውን የሚያሳየው ምርመራ እንጂ ዓይን አይደለምና።