ያበበው የሳሎን ተክል

ቆቦ ቤቴ ያለው፣ ብዙዎች «ስኔክ ፕላንት» የሚሉት ባለ ጎራዴ ቅጠል ተክል ለዓመታት አላበበም። ውኃ አበዛበት፣ ዕቃውንም እቀያይርለት ነበር። ለቃጫ የሚፋቁት ዘመዶቹ ግን በደረቁ ቆላ ከግራር ሥር ድርቁን ችለው የሚከርሙ ናቸው።

ስለዚህ ብርሃን ወዳለበት መስኮት አስጠጋሁት፤ አፈሩ ሳይደርቅ አላጠጣሁትም፤ ሥሩ ዕቃውን እስኪሞላ አልነካሁትም። አንድ ምሽት ነጣ ያለው አበባው ሳሎኑን በመዓዛ ሞላው። ያበበው ጉንጉን አዲስ ቅጠል አያወጣም፤ በጎኑ ግን ሌላ ቡቃያ ይተካል።

አንድ አደራ አለኝ። የልጅ ልጄን ቅጠሉን ሲያኝክ ደርሼበታለሁ። ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። የልጁን አፍ አጥባችሁ ውኃ ስጡት፤ በግድ አታስመልሱት፤ ትውከቱ ካልቆመ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ተክሉንም መስኮቱ ዘንድ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ አስቀምጡት።