ጓዳን ጭኖ ድንበር መሻገር

ካናዳ ያለውን የባንፍ ፓርክ ፎቶዎች ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ከሲያትል ካናዳ በካምፐር ቫን እንዴት ሄዳችሁ? ግሪን ካርድ ብቻ ያለውን ሰው ያሳልፉታል? ምግቡንስ እንዴት አደረጋችሁት? ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ቦታ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ሻንጣ ይዞ ይሻገራል። በካምፐር ቫን የሚሄድ ግን ጓዳውን፣ አልጋውን፣ መድኃኒቱን፣ ጋዙንና የበርበሬ ዕቃውን ሳይቀር ጭኖ ነው። የድንበር መኮንኑ በሩን ሲከፍት የሚያየው ኑሯችሁን ነው። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ዋናው ሥራ የሚሠራው ሞተር ከመነሳቱ በፊት ቤት ውስጥ ነው።

ከወረቀቱ እጀምራለሁ። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ ባለቤቴ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት አለው። አንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ብንቀመጥም ድንበሩ ላይ የሚጠየቅብን ወረቀት የተለያየ ነው። ለእኔ ፓስፖርቴ ይበቃል። ለእሱ ግን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 26 ቀን 2022 ጀምሮ ካናዳ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ያልተቃጠለ ግሪን ካርድና ያልተቃጠለ የሀገሩ ፓስፖርት። ቪዛ አያስፈልገውም። ብዙዎቻችን ግሪን ካርድ ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያውን ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠን እንረሳዋለን። ዋሽንግተን ዲሲ ባለው ኤምባሲ በኩል ማሳደስ ጊዜ ስለሚወስድ ከጉዞው ወራት ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። በጥገኝነት ግሪን ካርድ ያገኛችሁ ደግሞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዝ ሌላ ጥያቄ ሊያስነሳባችሁ ይችላልና ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ። ይህን በቴሌግራም ምክር የሚወስን ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

ቫኑን የምትከራዩ ከሆነ ካናዳ መግባት እንደሚፈቀድ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይኑር። ወደ መድን ሰጪያችሁም ደውላችሁ ለካናዳ የሚሆነውን የመድን ካርድ ጠይቁ።

መያዝ የሌለበትን ደግሞ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም በዚህ የተነሳ ሕይወታቸው የተበላሸ ሰዎች አሉ። ጫት በአሜሪካም በካናዳም ሕገወጥ ነው፤ «ለራሴ ነው፣ ትንሽ ናት» ማለት አያድንም። ካናቢስ በዋሽንግተን ስቴትም በካናዳም በሱቅ ይሸጣል፣ ድንበሩን ይዞ መሻገር ግን በሁለቱም አቅጣጫ ወንጀል ነው። ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ መዘዙ ግሪን ካርዱ ድረስ ይሄዳል። ሽጉጥ ቤት ይቅር። ሴቶች ቦርሳችን ውስጥ የምንይዘው ለሰው መከላከያ የሆነው ፔፐር ስፕሬይም ካናዳ ውስጥ ክልክል ነው፤ ለእንስሳ መከላከያ ተብሎ የተለጠፈበት የድብ ስፕሬይ ግን ይፈቀዳል፣ እዚያ ተራራ ላይም ያስፈልጋል። የማገዶ እንጨት ተባይ ስለሚያዛምት ከተሻገሩ በኋላ መግዛት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፣ ወደ ምግቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘን እንሂድ ያላችሁኝ ነበራችሁ። ሒሳቡን እንየው። አንድ ምጣድ 1,500 ዋት ያህል ይስባል። ለጓዳው ኃይል የሚሰጠው የቫኑ ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ ይህ ወደ 125 አምፔር ይመጣል። ብዙ ቫኖች ላይ ያለው 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ በጠቅላላው የሚያጠራቅመው 1,280 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ሙሉ ባትሪ ተይዞ እንኳ ምጣዱ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ባትሪው ያልቃል፤ የባትሪውን ኃይል ለምጣዱ የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሲቀነስ ደግሞ ያነሰ ነው። ከዚያ ፍሪጁም መብራቱም ይጠፋል። ምጣድ የሚሆነው ካምፑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለው ቦታ ስትከራዩ ብቻ ነው፤ 15 አምፔር ያለው መሰኪያ 1,800 ዋት ድረስ ይሰጣልና።

መልሱን ያገኘነው ከአያቶቻችን ስንቅ ነው። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ። እነዚህ ለረጅም መንገድ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው፤ ፍሪጅ አይፈልጉም፣ ቦታ አይይዙም፣ አይፈሱም። ድርቆሹን ለብ ባለ ውኃ እየነካካሁ ፍርፍር ስሠራ አንድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ በቃችኝ። ዶሮና እንቁላል አልያዝንም። የወፍ ጉንፋን በተነሳ ቁጥር ደንቡ ስለሚቀያየር ከተሻገርን በኋላ ገዛን። ትኩስ እንጀራ ያማራችሁ እንደሆነ ካልጋሪ ከባንፍ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐበሻም ብዙ አለባት።

ቡና ላይ ግን ቆም እንበል። እባካችሁ ከሰል ቫኑ ውስጥ አታስገቡ። ቡና ለማፍላትም፣ ሌሊት ለመሞቅም። ሀገር ቤት ሳለን ከሰል አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። ካምፐር ቫን ደግሞ ከአንድ ክፍል ቤት በብዙ ያነሰ ነው፣ በሮቹም በጎማ የታሸጉ ናቸው። ከሰል ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታትና ድካም ሲመጣ መንገዱ አድክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚባለው አባባል ሰው ገዳይ ነው፤ ፍሙም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መሣሪያ ከአልጋው አጠገብ ይኑር፣ ከመነሳታችሁ በፊትም ቁልፉን ተጭናችሁ መጮሁን አረጋግጡ። እኛ ቡናውን የቆላነው ደጅ፣ በጋዝ ምድጃ ነው። ጀበናውም ረከቦቱም ነበሩ፣ ምንም አልጎደለብንም። በሰመር እሳት ማንደድ በአዋጅ የሚከለከልበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ከሰሉ ለደጅም ላያገለግላችሁ ይችላል። ከቡናው በኋላ ሲኒው ታጥቦ፣ ፍርፋሪው ተለቅሞ ሁሉም ቫኑ ውስጥ መቆለፍ አለበት፤ ድብ የምግብ ሽታ ተከትሎ ይመጣልና ምግብ ደጅ የተወ ሰው ይቀጣል።

ድንበሩን በሱማስ በኩል ተሻገርን። ፒስ አርች የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1921 የተመረቀው ነጭ ቅስት ያለበት መሻገሪያ ታዋቂ ነው፤ ወደ ባንፍ ለሚሄድ ሰው ግን ሱማስ ይቀርባል፣ አቦትስፎርድ ላይ በቀጥታ ከሀይዌይ 1 ጋር ያገናኛል። መኮንኑ ጋ ስትደርሱ የፀሐይ መነጽር አውልቁ፣ ሬዲዮ አጥፉ፣ የኋላውን መስኮት ክፈቱ። የት ትኖራላችሁ፣ የት ትሄዳላችሁ፣ መቼ ትመለሳላችሁ፣ መጠጥ፣ መሣሪያ፣ ምግብ ምን ይዛችኋል ይባላል። ባልና ሚስት አስቀድመው ይነጋገሩበት፣ የመመለሻውን ቀን አንዱ እሑድ ሌላው ማክሰኞ እንዳይል። የያዝነውን ምግብ በወረቀት ጽፈን ስለነበር ባለቤቴ ለመኮንኑ አንድ በአንድ አነበበለት። በሶውን «የተቆላ የገብስ ዱቄት» ብለን አስረዳን። መጠጥ የሚይዝ ካለ ለአንድ አዋቂ ያለ ቀረጥ የሚፈቀደው 1.5 ሊትር ወይን ወይም 1.14 ሊትር ጠንካራ መጠጥ ነው።

ከሆፕ እስከ ካምሉፕስ ያለው የኮኪሃላ መንገድ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት የሚያውቅ ሹፌር እንደሚያደርገው በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ እንጂ ፍሬን ላይ መተኛት አይሆንም፤ የተጫነ ቫን ከባድ ነው። ከዚያ ሬቨልስቶክ፣ ሮጀርስ ፓስ፣ ጎልደን፣ ሌክ ሉዊስ።

ከሌክ ሉዊስ እስከ ጃስፐር ያለው 232 ኪሎ ሜትር መንገድ አይስፊልድስ ፓርክዌይ ይባላል። ከፍተኛው ነጥቡ ቦው ሰሚት 2,070 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት! በረዶ የተከመረበት ያ ሁሉ ተራራ መሐል የሚያልፈው መንገድ ከፒያሳ ዝቅ ይላል። ለእኛ ይህ ትልቅ ደስታ ነበር፤ ከባሕር ወለል ሲያትል ከርመን ወደተወለድንበት ከፍታ የቀረብን መሰለን። የሐይቆቹ ቱርኩዝ ቀለም ደግሞ በፎቶ የተቀባ አይደለም። የበረዶ ግግሩ ሲንሸራተት ድንጋዩን እንደ ወፍጮ እየፈጨ ዱቄቱን ወደ ውኃው ይለቃል፣ ዱቄቱም ብርሃኑን እንዲያ አድርጎ ይመልሰዋል።

አታባስካ የበረዶ ግግር ጋ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ቆመዋል፤ በረዶው በዚያ ዓመት እስከዚያ ድረስ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል። ከአንዱ ምልክት ወደሚቀጥለው በእግር ስንሄድ ባለቤቴ የልጅነቱን የሐሮማያ ሐይቅ አነሳ፤ ያም ደርቆ ነበርና። ጃስፐር ከተማም በጁላይ 2024 በሰደድ እሳት ከሕንፃዎቿ ሲሶ ያህሉን አጥታለች። ሰዉ መልሶ እየሠራ ነው፣ ሄዳችሁ ገንዘባችሁን እዚያ ብታጠፉ ደስ ይለኛል።

ፓርኩ ውስጥ መንገድ ዳር አቁሞ ማደር አይፈቀድም፣ ካምፕ አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። ሞሬን ሌክም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በግል መኪና አይገባበትም፤ የአውቶቡስ ቦታ በኢንተርኔት ያዙ።

ስንመለስ በኦካናጋን በኩል በሀይዌይ 97 ወርደን በኦሶዩስ ተሻገርን። መንገዱ ዳር ቼሪው ሞልቷል፣ ገዝታችሁ ብሉ። የተረፈ ፍራፍሬ ካለ ለአሜሪካው መኮንን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፤ አይቶ ወይ ያሳልፈዋል ወይ ይወስደዋል፣ ቅጣቱ ያለው ዝም ባለው ላይ ነው።