ለትንሿ ባቡር አሸዋ ማፍሰስ

ባቡርና አሸዋ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ፣ በተለይ ሐዲዱ ዝናብ ወይም ዘይት ከነካው፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ አሸዋ ተሸክሞ ይሄድና በቧንቧ ከጎማው ፊት ያፈሰዋል። የድሮዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ጀርባ ላይ ካሉት ጉብታዎች አንዱ የአሸዋ ማስቀመጫ ነው። እርጥብ አሸዋ ግን ቧንቧ ይደፍናል። ለዚህ ነው በአሜሪካ የባቡር ግቢዎች የአሸዋ ቤት የተሠራው፤ ውጭ እርጥቡ ይከመራል፣ ውስጥ በምድጃ ይደርቃል፣ ከዚያ በታመቀ አየር ወደ ማማው ይወጣል፣ ከማማው ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ባቡሩ ይወርዳል።

እኔና የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ይህንን ቤት ሰኞ ሰኞ፣ ሬስቶራንቱ ዝግ ሲሆን፣ በትንሹ እየሠራን ነው። ስለ ትምህርት ቤት ስጠይቀው «ደህና ነው» ብሎ የሚዘጋኝ ልጅ፣ እጁ ሥራ ሲይዝ ሳልጠይቀው ያወራል፤ ያውም በአማርኛ። ወንፊት፣ እፍኝ፣ ቁንጥር የሚሉትን ቃላት የያዘው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ኤች ኦ የሚባለው መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር የሆነች የአሸዋ ፍሬ እዚያ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ድንጋይ ትመስላለች! የባሕር ዳርቻ አሸዋ እንዳለ አይሆንም፤ በጣም ደቃቁን ብቻ ንፉ። የወጥ ቤቱን ወንፊት ግን አትንኩ፣ ለዚሁ ሌላ ግዙ። የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ አዋቂ ሰው ማስክ አድርጎ ውጭ ይንፋው፣ ልጆች ራቅ ይበሉ። ከዚያ ማግኔት በላዩ አሳልፉ፤ የብረት ፍርፋሪ ከቀረ የባቡሩን ሞተር ያበላሻል።

ክምሩን ሙሉ በሙሉ ከአሸዋ አትሥሩት። ፎም ቅረጹና የአሸዋ ቀለም ቀቡት። ልጆች እንደ ተራራ ሹል ማድረግ ይወዳሉ፤ ደረቅ አሸዋ ግን ከ34 ዲግሪ ገደማ በላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ይናዳል። አራት ሜትር ክምር በዚህ መጠን 4.6 ሴንቲሜትር ነው። ነጭ ኮላ ቀብታችሁ አሸዋውን ነስንሱ። ቀጥሎ አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ በስሱ እርጩ፤ ከዚያ አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ፣ በማንጠባጠቢያ አጠጡት። ሳሙናው ከሌለ ውኃው ላዩ ላይ ድብልብል ብሎ ይቀራል። እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ኮላ አሸዋን ያጠቁራል። ውጭ ላለው እርጥብ ክምር ይህ ጥሩ ነው። ማማው ሥር ለሚፈሰው ደረቅ አሸዋ ግን ኮላው ሊደርቅ ሲል ቁንጥር ደረቅ አሸዋ ጣል አድርጉበት፤ ነጣ ይላል።

ለእኔ ቤቱን እውነተኛ የሚያስመስለው ክምሩ ሳይሆን የፈሰሰው ነው፤ ከቧንቧው ሥር በሐዲዶቹ መካከል፣ በሩ ላይ፣ አካፋ በተመላለሰበት መንገድ። ስስ ይሁን። የሐዲዱን ራስ ጠርጉት፣ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በእሱ ነውና። ሐዲድ የሚቀያየርበት ቦታ ላይ ደግሞ ምንም አታፍስሱ።

ልጄ አሁን ለገሃርን እንሥራ ብሏል። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበር፣ በዚህ መጠን 12 ሚሊሜትሩን ሐዲድ መግዛት ይኖርብናል።