የጠቆረው ካንዴላ ምን ይላል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። ሞተር ግን በሽታውን አይደብቅም። ይንተባተባል፤ ይንዘፈዘፋል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ በጭስ ማውጫው ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። ችግሩ የሚመጣው በሽተኛው እየተናገረ የሚያዳምጠው ሲጠፋ ነው።

በደቡብ ጎንደር፣ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ፣ ኑሮውን በአንዲት በጃጅ የሚገፋ ወጣት አለ እንበል። ገበያ በሚቆምበት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። ሞተሩ መንተባተብ ሲጀምር ወደ ጋራዥ ይወስዳታል። መካኒኩ ካንዴላውን ይፈታል፤ መጥቆሩን ያያል፤ በአዲስ ይተካዋል። በጃጇም ወዲያው ትስተካከላለች። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ግን ያው መንተባተብ ተመልሶ ይመጣል። ሌላ ካንዴላ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ የባከነ የገበያ ቀን ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ነገር ለምን እንደሚደጋገምና መካኒኩ የችግሩን ሥር እንዲፈልግ እንዴት ማግባባት እንደሚቻል እንመለከታለን።

ሞተር የሚንተባተበው ለምንድን ነው?

የቤንዚን ሞተር በትክክል እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። እነዚህም በተገቢው መጠን የተደባለቀ አየርና ቤንዚን፣ በቂ እመቃ፣ እንዲሁም ጊዜውን የጠበቀ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ናቸው። በደቂቃ 3000 ጊዜ በሚሽከረከር ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ አንድ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ መብለጭ ይኖርበታል። ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ቁጥር በዚያ ዙር የገባው ቤንዚን ሳይቃጠል ወይም በከፊል ብቻ ተቃጥሎ ይወጣል። መንተባተብ የምንለው ይህንኑ ነው።

ጥቁር ካንዴላ ጥፋተኛ ነው ወይስ ምስክር?

በካንዴላው ላይ የሚከማቸው ጥቀርሻ ካርቦን ነው። ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በመሆኑም ከኮይሉ የሚመጣው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት በክፍተቱ መካከል ዘሎ ብልጭታ በመፍጠር ፋንታ በጥቀርሻው ላይ ሾልኮ ወደ ሞተሩ አካል ይፈስሳል። አዲሱ ካንዴላ የሚሠራው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ነው። አሮጌውን ያጠቆረው ነገር ከሞተሩ እስካልወጣ ድረስ አዲሱንም ማጥቆሩ አይቀርም።

ስለዚህ የወጣው ካንዴላ ሊነበብ የሚገባው ማስረጃ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ቤንዚን መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ይጠቁማል። በዘይት የራሰ ጥቁር ከሆነ የፒስተን ቀለበቶች ወይም የቫልቭ ዘይት መከላከያዎች አልቀው ዘይት እየገባ መሆኑን ያመለክታል። በቤንዚን ከራሰ ብልጭታው ደካማ መሆኑ ወይም ቤንዚኑ ከመጠን በላይ መግባቱ ይጠረጠራል። ነጣ ያለ ከሆነ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል ወይም ካንዴላው ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ግን የጤና ምልክት ነው።

ከፍታና አቧራ ሲተባበሩ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውኃ እንኳ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል።

የካርቡሬተር የቤንዚን ማፍሰሻ ቀዳዳ ግን ስፋቱ አይለወጥም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን የሚስበው የግፊት ልዩነት በዚያው መጠን ቢቀንስም፣ የቤንዚኑ ፍሰት የሚቀንሰው በስኩዌር ሩቱ ልክ ነው። የ0.74 ስኩዌር ሩት 0.86 ነው። ይህም ማለት በባሕር ወለል ላይ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲያስገባ የተስተካከለ ካርቡሬተር፣ በከፍታው ላይ 12.6 ኪሎ ገደማ ብቻ ያስገባል። ከፍታቸው ባነሰ ከተሞች ለውጡም ያንሳል።

ይህ ብቻውን ሞተርን አያንተባትብም። ሆኖም የጠጠር መንገድ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ከደፈነው፣ ወይም ለማስነሻ የሚሳበው ቾክ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ፣ አየሩ ይበልጥ ያንሳል። ከዚህም በተጨማሪ ካንዴላ ጥቀርሻውን በራሱ ማቃጠል የሚጀምረው 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። በገበያ መካከል እየቆመ እየተነሳ በዝግታ የሚሠራ በጃጅ ካንዴላው እዚህ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ሊውል ይችላል።

የቤንዚኑም ነገር መዘንጋት የለበትም። በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ውኃ ሊቀላቀልበት ይችላል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ጥቂቱን በብርጭቆ ቀድቶ ከእሳት አርቆ ማስቀመጥ፣ ከሥር የሚዘቅጠውን ማየት ያስችላል።

ቸል ማለት የሚያስከትለው

ያልተቃጠለ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ የዘይት ሽፋን ያጥባል፤ ወደ ታች ወርዶም ዘይቱን ያቀጥናል። ቀለበቶቹ ፈጥነው ያልቃሉ፤ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፤ ካንዴላውም አሁን በዘይት ይጠቁራል። በአየር ማጣሪያ ጽዳት ሊድን ይችል የነበረ ሞተር መጨረሻው ሙሉ እድሳት ይሆናል።

መካኒኩን እንዴት እናግባባ?

መካኒኩ ካንዴላ ብቻ የሚለውጠው ሁልጊዜ ስለማያውቅ ወይም ሊያታልል ስለፈለገ አይደለም። ደንበኛው የሚከፍለው ለተለወጠ ዕቃ ነው፤ ለፍተሻ የሚጠፋው ሰዓት ዋጋ ሲሰጠው አይታይም። ደንበኛውም ቶሎ ይቸኩላል። ስለዚህ ማግባባት የሚጀምረው ከእኛ ከደንበኞቹ ነው።

በመጀመሪያ ማስረጃ ይዘን እንሂድ። ሞተሩ የሚንተባተበው ገና ሲነሳ ነው ወይስ ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሲቆም? ዝናብ ሲዘንብ ይብስበታል? ካንዴላው በየስንት ቀን ጠቆረ? ይህን በማስታወሻ እንጻፍ፤ የወጡትንም ካንዴላዎች አንጣላቸው። ሦስት የጠቆሩ ካንዴላዎች ተደርድረው ሲታዩ ከማንኛውም ክርክር ይበልጥ ያሳምናሉ።

ሁለተኛ፣ ክስን ትተን እንጠይቅ። «ባለፈው በከንቱ አስከፈሉኝ» ያለ ሰው መልሱ ጠብ ይሆናል። «ጋሼ፣ ካንዴላው ሦስት ጊዜ ጠቆረብኝ። የሚያጠቁረውን ነገር አብረን እንፈልገው፤ ለፍተሻ የሚወስድብዎትን ጊዜም እከፍላለሁ» ያለ ግን የባለሙያውን ክብር ጠብቆ ሥራውን ይለውጠዋል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲለወጥ እንስማማ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፤ ከዚያ ቾኩ ይታይ፤ ከዚያ ካርቡሬተሩ፣ ቀጥሎ ኮይሉና እመቃው። ከእያንዳንዱ በኋላ በዚያው ዳገት፣ በተመሳሳይ ጭነት ይፈተን። ሁሉም በአንድ ቀን ከተለወጠ ሞተሩ ቢድን እንኳ ያዳነውን ማንም አያውቅም።

በኮምፒዩተር የሚመረመሩ አዳዲስ መኪኖችም ከዚህ አያመልጡም። ፒ0301 የሚለው ኮድ አንደኛው ሲሊንደር መንተባተቡን ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ኮይሉን ከሁለተኛው ጋር አቀያይረን ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተሸጋገረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ባለበት ከቀረ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

እንግዲህ መላ ምት ማቅረብ፣ አንድን ነገር ብቻ መለወጥ፣ ውጤቱን መዝግቦ መላ ምቱን መጣል ወይም ማጽናት በቤተ ሙከራ የምንማረው ዘዴ ነው። ይኸው ዘዴ ዘይት በጠጣ የጋራዥ ወለል ላይም ይሠራል። በሚቀጥለው ጊዜ መካኒኩ ጥቁሩን ካንዴላ አውጥቶ ሊጥለው ሲል «ቆዩ፣ እስቲ ይስጡኝ» እንበል፤ ወደ ብርሃን ይዘንም አብረነው እንየው።